ዴልሂ ላላችሁ፦ የሰርግ ልብስ የምትሠራ ጎበዝ ዲዛይነር ልጠቁማችሁ

ዴልሂ የምትኖሩና የህንድ ጓደኛ ሰርግ የተጠራችሁ እህቶች፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ሻህፑር ጃት በሚባለው የዴልሂ ሰፈር ውስጥ የምትሠራ አንዲት ወጣት ዲዛይነርን ከልቤ ላመሰግናት እፈልጋለሁ።

የቅርብ ጓደኛዬ ፑንጃቢ ናት። የፑንጃቢ ሰርግ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። መህንዲ (የሂና ቀን) አለ፣ ሳንጊት (የዘፈንና የጭፈራ ምሽት) አለ፣ ዋናው ሥነ ሥርዓት አለ፣ ከዚያ ሪሴፕሽን። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ ስለነበር ለሁለታችንም ልብስ ያስፈልግ ነበር። ገበያ ላይ ያለው ሌሄንጋ፣ ማለትም ከቾሊ (አጭር የላይ ልብስ) ጋር የሚለበሰው ሰፊ ረጅም ጉርድ፣ ያምራል፣ ግን ይከብዳል። የሙሽሮቹማ አንዳንዱ ከ10 ኪሎ ያልፋል። እኔ የፈለግኩት ተቀምጬ የምበላበት፣ ተነስቼ የምጨፍርበት ልብስ ነበር።

ይህቺ ልጅ መቀስ ከማንሳቷ በፊት ልብሱን ኮምፒውተር ላይ ትጨርሰዋለች። ልካችንን ወሰደችና ክሎ ስሪዲ በሚባለው ሶፍትዌር በእኛው ቁመትና ወርድ ምስል ሠራች። ቅዱን እዚያው አውጥታ አለበሰችው። የጨርቁን ክብደትና የመለጠጥ መጠን ስትቀያይር አወዳደቁም አብሮ ይቀየራል። የምስሉን እጅ ወደ ላይ ስታነሳው ጨርቁ የሚወጠርበት ቦታ ቀላ፤ ብብቴ ሥር። ሳንጊት ላይ እጅ ሳያነሱ መጨፈር የለም! ጨርቅ ሳይቆረጥ ብብቱን አሰፋችው።

ለሪሴፕሽኑ ሳሪ መረጥኩ። ሳሪ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ጨርቅ ነው፤ ላልለመደ ሰው ሽንሽኑን ይዞ መራመድ ፈተና ነው። እሷ ሽንሽኑን ሰፍታ፣ ወገቡ ላይ ዚፕ አድርጋ፣ ትከሻ ላይ የሚጣለውንም ጫፍ አያይዛ ሰጠችኝ። እንደ ማንኛውም ጉርድ አጥልቄው ወጣሁ። የስልክ ኪስም አለው። ህትመቱ በዲጂታል ስለሆነ ጥለቱ ሽንሽኑ ላይ እንዳይቆራረጥ አስልታ አስቀምጣዋለች። በእንጨት ማህተም ወይም በማተሚያ ወንፊት (ስክሪን ፕሪንት) ቢሆን ለየቀለሙ የራሱ ማህተም ወይም ወንፊት ይዘጋጃል፤ ለአንድ ሰው ልብስ አያዋጣም።

እናቴ ሆድ የሚያሳይ ነገር አልለብስም ብላ ቁርጡን ነገረቻት። ልጅቷ አልተከራከረችም። ቾሊውን እስከ ዳሌ አስረዘመችላት፣ ሙሉ እጅጌና ወፍራም ገበር ጨመረችበት። ሰርጉ ዲሴምበር ላይ ሜዳ ላይ ነበርና ገበሩ ባይኖር በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር። ዱፓታውን (ከልብሱ ጋር የሚደረበውን ሻርፕ) ግን እናቴ ራሷ እንዳይሰፋ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ነጠላ የለበሰች ሴት ናት፣ ማን ያስተምራታል! ሲያልቅ የልጅቷን እጅ ይዛ መረቀቻት።

ኮምፒውተር ስላለ የእጅ ሥራው አልቀረም። የጥልፉን ንድፍ በወረቀት አትማ ለጠላፊዎቹ ትሰጣለች። እነሱ ወረቀቱን በመርፌ ይበሱና ዱቄት ያሹበታል፤ ንድፉ ጨርቁ ላይ ይወርዳል። ከዚያ አዳ በሚሉት የእንጨት መወጠሪያ ዙሪያ ተቀምጠው ዛርዶዚ የሚባለውን ጥልፍ በወርቃማ ክር ይጠልፋሉ። የጠላፊዎቹን ክፍያ ደረሰኙ ላይ ለብቻው ጽፋ አሳይታናለች። ይህን በጣም ወደድኩላት።

ስትሄዱ ኮምፒውተሩ ላይ ያያችሁትን ቀለም ብቻ አትመኑ። የታተመ ቁራጭ ጨርቅ ጠይቁና በቀን ብርሃን እዩት፤ ይህንንም የመከረችን እሷው ናት። ዋጋዋ ላጅፓት ናጋር ገበያ ተሰቅሎ ከምታገኙት ይወደዳል። በልካችሁ የተሠራና ደጋግማችሁ የምትለብሱት ስለሆነ ግን አይቆጭም። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ የሰርግ ወቅት ነውና ቀደም ብላችሁ ያዟት። ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።