ድምፅ ብቻ የቀረው ቴሌቪዥናችንና የአራብሳው ዲሽ ቤት

ቴሌቪዥናችን የተበላሸው ማክሰኞ ማታ ነው። ድምፁ አለ፣ ምስሉ ግን የለም። ከሥራ ስገባ እናቴ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጣ ዜና ትሰማለች። «እንደ ሬዲዮ እያዳመጥኩት ነው» አለችኝ። ለሷ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጉልበቷን ስለሚያማት ከአራተኛ ፎቅ እንደ ልቧ አትወርድም፣ እኛ ሥራ ስንውል ቀኑን አብሯት የሚውለው ቴሌቪዥኑ ነው። በዚያ ላይ በጣም የምትወደውና ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የነበረው የጭውውት ፕሮግራም በሚቀጥለው እሑድ ማታ 2 ሰዓት እንደሚመለስ ሳምንቱን ሙሉ ማስታወቂያ ሲነገር ነበር። የቀሩን አምስት ቀን ናቸው።

ይህን የምጽፈው አራብሳ፣ የካ አባዶና ታፎ አካባቢ ለምትኖሩ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሲበላሽ ወዴት እንደሚኬድ ማወቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዲሹ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይገባዋል፣ ጣሪያው ላይ የተተከለው ሰሃን ብዛቱ ለጉድ ነው። ጣቢያዎቹ የሚተላለፉበት ናይልሳት የሚባለው ሳተላይት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፣ የኢትዮሳቱ ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፤ አንድ ሰሃን ወደ ሁለቱም አይዞርም። በ2012 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ አንዱ ሰሃኑን አዞረ፣ ሌላው ሁለተኛ ጨምሮ ተከለ። አሁን አንድ ሰው የራሱን ለማሠራት በወጣ ቁጥር የጎረቤቱን ሳያውቅ ይነካል፣ ትንሽ ከተነካ ደግሞ ሲግናሉ ይወርዳል። የኛም ከክረምቱ ጀምሮ ምስሉ ይሰባበራል። ከባድ ዝናብ ሲጥል መሰባበሩ ያለ ነው፣ ዝናቡ ሞገዱን ስለሚያዳክመው። የኛ ግን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቶም አይመለስም። ሐምሌ ላይ አንድ ባለሙያ ጠርተን ነበር። ጣሪያ ወጣ፣ ሰሃኑን ወዲህ ወዲያ አደረገና 600 ብር ተቀብሎን ሄደ። በሳምንቱ ያው ሆነ።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ሦስተኛው ሲመጣ አምፖሉ ሁሉ ቦግ አለ። ቴሌቪዥኑ ከዚያ በኋላ ነው ምስል አልሰጥ ያለው።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ 43 ኢንቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በባጃጅ አያት ወሰድኩት። አንድ ሰፊ ጥገና ቤት አለ። ሰውዬው ሰካው፣ ድምፁን ሰማ፣ ጥቁሩን ስክሪን አየ። «ስክሪኑ ሞቷል፣ ማሠሪያው ከአዲስ ዋጋ ብዙም አይተናነስም፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ክዳኑን እንኳን አልከፈተውም። በጣም ነው ያዘንኩት። በዚህ ኑሮ አዲስ ቴሌቪዥን መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ለእናቴስ ምን ብዬ ልንገራት?

ሠፈር ስደርስ ቴሌቪዥኑን እንዳወርድ ያገዘኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው «ዲሽ ቤት አሳይተኸዋል ወይ?» ያለኝ። ዲሽ ቤት የምንላት አራብሳ ታክሲ ተራው ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥላ ያለችው ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ናት። በሯ ላይ ስም የላትም። ስንት ጊዜ ባጠገቧ አልፌያለሁ፣ ሪሞትና ገመድ ብቻ የምትሸጥ ነበር የሚመስለኝ።

የሱቁ ልጅ ብዙ አያወራም። ቴሌቪዥኑን ሰካና የሱቁን መብራት አጠፋ። በሩንም ገርበብ አደረገው። የስልኩን መብራት አብርቶ ስክሪኑ ላይ አስጠጋና በሰያፍ ያዘው። «ወንድሜ፣ ና እስኪ እይ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከጥቁሩ መስታወት ውስጥ የሴት ፊት ይታያል፤ ዜና አንባቢዋ ናት። ጭስ ውስጥ ያለች ይመስል ደብዝዛለች፣ ግን አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። ልጁ መብራቱን ሲያነሣ ጠፋች፣ ሲመልስ መጣች።

«ስክሪኑ ደህና ነው። የሞተው ከጀርባው የሚያበራለት ነው» አለኝ።

ባክላይት ነው የሚባለው። ከስክሪኑ ጀርባ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ አምፖሎች አሉ። ልክ እንደ ድሮው የገና ዛፍ መብራት በሰንሰለት ስለተያያዙ አንዷ ስትቃጠል ረድፉ በሙሉ ይጠፋል። ምስሉ አለ፣ ግን የሚያበራለት ስለሌለ አይታይም። ቴሌቪዥናችሁ ድምፅ ኖሮት ምስል ካጣ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን አጨልማችሁ ይህን የስልክ መብራት ነገር ሞክሩት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እያየሁት ፈታው። እንደ ወረቀት የሳሱ ነጫጭ ፕላስቲኮችን በጫፋቸው እየያዘ አንድ በአንድ አነሣና ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጣቸው። ከሥር ያሉት አምፖሎች የስንዴ ፍሬ ያክላሉ። አንዷ መሐሏ ጠቁሯል። አንዷን ብቻ መቀየር ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። «እችላለሁ፣ ግን ሌሎቹም እኩል አርጅተዋል፣ በወሩ ትመለሳለህ» አለኝና ሁሉንም ረድፎች ለመቀየር ተስማማን። ዕቃውን ከመርካቶ አምጥቶ፣ ከነሥራው 3,200 ብር። አዲስ ግዛ ከተባልኩት ጋር ሳስተያየው ለኔ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዓርብ ማታ ስወስደው የብርሃኑን መጠን ከ100 ወደ 55 አውርዶ አሳየኝ። ብርሃኑ ሁሌ ጫፍ ላይ ሲሆን አምፖሎቹ ይግላሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። እኛ ደግሞ ከተገዛ ጀምሮ 100 ላይ ነበር የምናየው። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን እንድንነቅል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን እንድንሰካ ነገረኝ። መደርደሪያው ላይ ስታቢላይዘር ደርድሯል፣ ግን ግዛ ብሎ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ይህን ልብ ብያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ለዲሹ መጣ። ጣሪያ ላይ ስንወጣ እንደ ሌላው ሰሃኑን ወዲያው መነቅነቅ አልጀመረም። መጀመሪያ ገመዱን ከኤልኤንቢው፣ ሰሃኑ ፊት ካለው ሞገድ ተቀባይ፣ ፈታው። መሐሉ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። ገመዱን ወደ ታች አድርጎ ሲያራግፈው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ክረምቱን ሙሉ ያሰቃየን ለካ ይሄ ነው! የተበላሸውን ቆረጠ፣ አዲስ ኮኔክተር አሠረ፣ በፕላስተር ጠቀለለው። ከዚያ ገመዱን ትንሽ ወደ ታች አንጠልጥሎ መልሶ ወደ ላይ አወጣው፣ ዝናቡ ተንጠልጣዩ ላይ እንዲንጠባጠብ እንጂ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ሰሃኑን የነካው መጨረሻ ላይ ነው።

እናቴ ከታች ሪሞቱን ይዛ የሲግናሉን ቁጥር በስልክ ትነግረዋለች። «ሠላሳ ስምንት… አርባ ሁለት… ኧረ ወረደ ልጄ!»

«አሁንስ እማማ?»

«ስልሳ! ስልሳ ዘጠኝ! ተወው፣ አትንካው!»

ለዚህ ሥራ 500 ብር ወሰደ። ቡና ጠጥቶ ነው የሄደው፣ እናቴ ሳይጠጣ አትሄድም ብላ።

እሑድ ማታ ደረሰ። እኔ በደረጀና በሀብቴ፣ በአለባቸውና በልመንህ ጭውውት ያደግኩ ሰው ነኝ። በዓል ሲሆን ዶሮው ከቀረበ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩሎ ይጠብቃቸው ነበር። እናቴ ደግሞ ከዚያም በፊት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ጎረቤት ሄዳ ታይ እንደነበር ታወራለች። ስለዚህ ጭውውት ስንፈርድ እኛ ቤት ቀልድ የለም።

የተመለሰው ፕሮግራም ሦስት ጭውውት ይዞ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ረዝሟል። ነገሩ ገብቶናል፣ እነሱ ግን ገና ያስረዱናል። ሦስተኛው በገጠር ሰው አነጋገር ለማሳቅ የሚሞክር ነው፣ ይሄ በፊትም አልወደውም ነበር፣ አሁንም አልወደውም። ሁለተኛው ግን በጣም ግሩም ነው። የኮንዶሚኒየም ስብሰባ ነው፣ የደረጃው መብራት ሂሳብ ይከፈል ተብሎ። ሊቀመንበሩ በየተራ ይጠይቃል፣ ከፎቅ ቤቱ ሰው ሁሉ አንድም ደረጃውን እጠቀማለሁ የሚል ይጠፋል። አምስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ተነሥቶ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እኔ በደረጃ አልወጣም» ሲል እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እኔስ እውነቴን ነው፣ ስንት ጊዜዬ በደረጃ ከወረድኩ!» አለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

አንድ ቅሬታዬ የተቀዳው ሳቅ ነው። ጥሩ ንግግር በመጣ ቁጥር ይነሣና የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ይውጠዋል። ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፣ ተመልካቹ ራሱ ይስቅላቸዋል። አዘጋጆቹ ይህን ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል።

ዲሽ ቤት ላይም ቅሬታ አለኝ። ነገ ያለው ዕቃ የደረሰው ከነገ ወዲያ ነው፣ ደውዬም ቶሎ አያነሣም። ደረሰኝ የለውም። የሦስት ወር ዋስትናውን ስጠይቀው ግን ቀኑን በወረቀት ጽፎ ፈርሞ ሰጥቶኛል። እሑድ ዝግ ነው፣ ሌላ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይገኛል። ቴሌቪዥኑን በባጃጅ ስትወስዱት አቁማችሁ ያዙት፣ አታስተኙት። ሪሞቱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ብርሃኑን የሚቀንስላችሁ በሱ ነው።