ቲኤምቲ፣ ሲላክ ወይስ ክሊክ? ለኤሌጋንስ ትል የቱን ሌብል ልግዛ

የኤሌጋንስ (C. elegans) ትልን ፕሮቲን በማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውል በክብደቱ የሚለይ ማሽን) ለማጥናት የሌብል፣ ማለትም የፕሮቲን መለያ ምልክት፣ ኪት ሊገዛ የተነሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ሳምፕል በአንዴ ያስኬዳል ብሎ ነው፣ እኔ ግን ቅድሚያ የምታጠኑት ሞዲፊኬሽን (ፕሮቲኑ ላይ የሚለጠፍበት ነገር) የቱ ነው መባል አለበት ባይ ነኝ፣ ፎስፌት ነው ዩቢኩዊቲን የሚባለው ትንሽ ፕሮቲን ነው ስኳር ነው? ምክንያቱም አንዳንዱ ሌብል ልታዩት የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ራሱ ሄዶ ቁጭ ይላል።

ቲኤምቲ ብዙ ሰው የሚገዛው ነው። ትሉ ተፈጭቶ ፕሮቲኑ በትሪፕሲን ኤንዛይም ፔፕታይድ ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ከተቆረጠ በኋላ ስለሚጨመር ትሉ ምን በላ ምን ጠጣ አያገባውም፣ የቆየው 10 ወይ 11 ሳምፕል፣ ቲኤምቲፕሮ የሚባለው ደሞ 16 ወይ 18 ያስኬዳል። ለፎስፌት አሪፍ ነው፣ ትሉ ቁመቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ፕሮቲን መሰብሰብ ራሱ ስራ ነው፣ ፎስፌት ያለው ፔፕታይድ ደሞ ከዛም ውስጥ ጥቂቱ ነው፣ ስለዚ ሁሉንም ሌብል አድርጎ ቀላቅሎ አንዴ ማጣራት እጥረቱን ያቃልላል። ጉዱ ያለው ዩቢኩዊቲን ላይ ነው። ቲኤምቲ የሚይዘው አሚን የሚባለውን ናይትሮጅን ያለበት የሞለኪውል ክፍል ነው፣ ዩቢኩዊቲን በትሪፕሲን ተቆርጦ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ የሚቀረው የሁለት ግላይሲን ጭራ ጫፉ አሚን ነው፣ እዛ ላይ ከተለጠፈ ጭራውን ለይቶ የሚያጠምደው አንቲቦዲ አያውቀውም አለቀ። መፍትሄው ፔፕታይዱን በአንቲቦዲ ከያዙ በኋላ እዛው እንደተያዘ ሌብል ማድረግ ነው። ትሪስ ባፈር የሚባል ነገር አታስጠጉት፣ ትሪስም አሚን ስላለው ሪኤጀንቱን ይጨርስባችኋል፣ ሄፐስ ተጠቀሙ። ሌላው ድክመቱ በሳምፕሎች መሀል ያለውን ልዩነት አሳንሶ ያሳያል፣ ኤምኤስ3 (በሶስት ዙር የሚለካ ዘዴ) የሚሰራ ማሽን ካላችሁ ይሻላል።

አይትራክ የሚባለው ሌብል ለ4 ወይ ለ8 ሳምፕል ይመጣል፣ አሰራሩ ያው እንደ ቲኤምቲ ነው፣ አዲስ ለሚገዛ አልመክርም።

ሲላክ በምግብ በኩል ነው የሚገባው፣ ከባድ ላይሲን (በከባድ አይሶቶፕ የተሰራ) የበላ ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ለትሉ ይሰጣል። ባክቴሪያው የራሱን ላይሲን መስራት የማይችል መሆን አለበት፣ ሁሉም ላብ ያለው ኦፒ50 የሚባለው የትል ምግብ ባክቴሪያ የማይሰራው ዩራሲል እንጂ ላይሲን አይደለም፣ ስለዚ ለዚህ አይሆንም። ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው፣ የትሉ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ ስህተት የሚገባው ሲፈጭ ነው፣ በሲላክ ግን ሳይፈጭ በፊት ትሎቹን መቀላቀል ይቻላል። ከባድ አርጂኒን ከጨመራችሁ ትሉ ወደ ሌላ አሚኖ አሲድ፣ ወደ ፕሮሊን፣ ይቀይረውና ልኬቱ ይዛባል፣ በ2011 ኦርን-1 የሚባለውን ጂን በአርኤንኤአይ ዝም በማሰኘት ተፈቷል፣ ያን ሁሉ ካልፈለጋችሁ ላይሲን ብቻ አድርጋችሁ ላይሲን ላይ ብቻ በሚቆርጠው ላይስ-ሲ ኤንዛይም ቁረጡ። የሚያስኬደው ግን 2 ወይ 3 ሳምፕል ነው።

በጀት ለጠበበበት ዳይሜትል የሚባል ሌብል አለ፣ ፎርማልዴሃይድና ሳያኖቦሮሃይድራይድ ነው፣ ርካሽ ነው ግን መርዛማ ስለሆነ አየር የሚስብ ሁድ ውስጥ ብቻ።

ክሊክ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለመለካት ሳይሆን ሞዲፊኬሽኑን ፈልጎ ለመያዝ ነው፣ አዛይድ (ሶስት ናይትሮጅን ያለው መያዣ) ያለው ስኳር ለትሉ ተሰጥቶ በኋላ ቀለም ወይ ባዮቲን የሚባል ማጥመጃ ይለጠፍበታል፣ የ2022 የኬሚስትሪ ኖቤልም ለዚሁ ኬሚስትሪ ነው። በህይወት ያለ ትል ላይ ማጣበቁን የሚያፋጥነው ኮፐር መርዝ ስለሆነ ያለ ኮፐር የሚሰራውን ዲቢሲኦ ግዙ፣ ለተፈጨ ሳምፕል ኮፐሩ ይበቃል። አሴቲል ያለው ስኳር ያለ ኤንዛይም ሲስቲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ በራሱ ሊለጠፍ እንደሚችል ግን አትርሱ፣ ኮንትሮል የሌለው ውጤት ብዙም አልተማመንበትም።

ኦክሲዳይዝ የሆነ ሲስቲን ከሆነ የምትፈልጉት እላይ ያሉት የአሚን ሌብሎች አይጠቅሟችሁም፣ ሲስቲን የሚይዘው አዮዶቲኤምቲ ነው፣ ከሱ ጋር ነጻ ሲስቲንን የሚዘጋውን ኤንኢኤም አብራችሁ እዘዙ፣ ትሉ በተፈጨበት ቅጽበት ነጻውን ሲስቲን ካልዘጋችሁት አየሩ ራሱ ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል።