ሴልሴቭ የደም ቱቦ በድሬዳዋ ሙቀት

በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የካንሰር ሴሎችን ለመቁጠር ሴልሴቭ አስተማማኝ ቱቦ ነው፤ ናሙናውን እስከ 96 ሰዓት ያቆያል። ችግሩ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ መፈለጉ ነው፤ የድሬ ቀትር ከዚያ ያልፋል። ሙቀት በሚከላከል ሳጥን ላኩት፤ በረዶ ግን አይንካው፣ ፍሪጅም አይግባ።

መርፌው የሚጠርገው የቆዳ ሴል ቆጠራውን ስለሚያሳስት የመጀመሪያውን ቱቦ ለሌላ ምርመራ አውሉት። ሴልሴቩን ሞልታችሁ ወዲያው 8 ጊዜ በቀስታ ገልብጡ፤ አለዚያ ደሙ ይረጋል። ለቆጠራው 7.5 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ሴሎቹን የሚቆጥረው የሴልሰርች መሣሪያ መግነጢስ የሚይዘው ኤፕካም የተባለ ፕሮቲን በላያቸው ያላቸውን ሴሎች ብቻ ነውና ዜሮ ውጤት ካንሰር የለም ማለት አይደለም።

ሴሎቹን በቤተ ሙከራ በሕይወት ለማሳደግ ከሆነ ግን ሴልሴቭን አትግዙት! በቱቦው ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካል ይገድላቸዋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ባለው ተራ ቱቦ ቀድታችሁ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሴሎቹን ለዩ፤ ከሐረር የሚመጣውም ሳይዘገይ ይድረስ።