ራስበሪ ፓይ፣ ኤን100 ወይስ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ? የማይጮህ የቤት ሰርቨር ለምትፈልጉ

የቤት ሰርቨር ማለት ቤት ውስጥ ሌት ተቀን በርቶ የቤተሰቡን ፎቶና ፊልም የሚይዝ ኮምፒውተር ነው። «ርካሽ አገኘሁ» ብላችሁ ያገለገለ የራክ ሰርቨር (ድርጅቶች መደርደሪያ ላይ የሚደረድሩትን) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን እንዝጋው። ያ ጠፍጣፋው ባለ1ዩ ሰርቨር ውስጥ የተደረደሩት 40 ሚሊሜትር ፋኖች ሲነሱ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ ደግሞ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ 100 ዋት ቢበላ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ይሄ አይሆንም በቃ።

የሚያዋጣው ከሦስቱ አንዱ ነው። ራስበሪ ፓይ የምትባለው ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር (4 ወይ 5)፣ ኢንቴል ኤን100 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው አዳዲስ ሚኒ ፒሲዎች፣ ወይ ደግሞ የውጭ ቢሮዎች ሲጥሏቸው ወደኛ የሚመጡት ባለ1 ሊትር ሚኒዎች፣ ማለትም ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ። የብር ዋጋ አልጽፍም፣ በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ነገ ያሳፍረኛል።

እኔ ሰርቨር ስመርጥ ከፍጥነቱ በፊት የማየው ሲበላሽ እንዴት እንደሚበላሽ ነው። ፎቶና ፋይል የሚያስቀምጠው ኔክስትክላውድም ሆነ ፊልም የሚያሳየው ጄሊፊን ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ደውላችሁ «ኑ አስተካክሉልኝ» የምትሉት ሰው የለም፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሎግ (ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ) የምታነቡት እናንተው ናችሁ፣ ሎጉ የሚለው ነገር ደግሞ በገዛችሁት ሳጥን ይለያያል።

ከራሴ ልጀምር። ፓይ 4 ላይ ኔክስትክላውድ ጭኜ የቤተሰቡ ፎቶ እዛ ነበር የሚጠራቀመው፣ ማታ ሁሉም ቤት ገብቶ ስልኩ ፎቶ መስቀል ሲጀምር ሰርቨሩ ድርቅ ይላል። ዳታቤዙ ነው ብዬ ማሪያዲቢን ሁለቴ አጥፍቼ ጫንኩ፣ ለፒኤችፒው ሜሞሪ ጨመርኩ፣ ፕሮግራሞቹን ለየብቻ የሚያስኬደውን ዶከርን ረገምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ዲሜሴጅ ብዬ የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርቱን) ሎግ ባየው «አንደርቮልቴጅ ዲቴክትድ»፣ ማለትም የሚደርሰው ኃይል አነሰ፣ ከሱ ስር የዩኤስቢ ዲስኩ ይጠፋል ይመጣል፣ እንደገና «አንደርቮልቴጅ»። ለካ የሰካሁት የስልክ ቻርጀር ነው! 3 አምፒር ይላል ጀርባው ላይ፣ የሚሰጠውን እሱ ነው የሚያውቀው። ሦስት ሳምንት ሶፍትዌር ስጠግን የከረምኩት የቻርጀር ችግር ነበር።

ፓይ 5 በዚህ በኩል ጭራሽ ቅንጡ ነው፣ 5 ቮልት 5 አምፒር የሚሰጥ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል፣ በ3 አምፒር ብታስነሱት ይነሳል ግን ለዩኤስቢዎቹ በጠቅላላ 600 ሚሊአምፒር ብቻ ነው የሚለቀው፣ በራሱ ቻርጀር 1.6 አምፒር። ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ለሚሰካ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሜሞሪ ካርድ ማስነሳቱንም እርሱት፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ካርዱ አንድ ቀን «ሪድ ኦንሊ» (የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት) ሆኖ ይጠብቃችኋል። ፓይ 5 ላይ ቢያንስ ተጨማሪ ቦርድ ገዝቶ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ቦርዱን፣ ቻርጀሩን፣ ፋኑን፣ ኬዙን ስትደምሩት «ርካሽ» ያላችሁት ነገር የት እንደገባ እንጃ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ፓይ 4 የራሱ ሰዓት የለውም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ መጨረሻ ያስቀመጠው ሰዓት ላይ ነው ያለው። እኔ ጋ አንዴ መብራት መጣ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም፣ እዛው ቤት ሆኜ ልገባ ብል ስልኬ ላይ የሚመጣውን ባለ6 አሃዝ ኮድ «ስህተት ነው» ይለኛል፣ ፓስወርዴን ቀየርኩ እንዴ ብዬ ስጨነቅ ሰርቨሩ ለካ አራት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ፓይ 5 ሰዓት አለው፣ ባትሪው ግን ለብቻ ነው የሚገዛው። ሁለቱ ሚኒ ፒሲዎች እንደማንኛውም ኮምፒውተር ባትሪያቸው ውስጣቸው ነው፣ ያገለገለ ስትገዙ ግን እሷን ሳንቲም የምታክል ባትሪ ቀይሯት፣ ስንት ዓመት እንደቆየች አይታወቅም።

ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። ፓይ አርም ነው፣ ሌሎቹ ኤክስ86፣ ማለትም ቺፖቻቸው የሚረዱት ቋንቋ ይለያያል። ዶከር ላይ አንዱን ኢሜጅ (ተዘጋጅቶ የሚወርደውን የፕሮግራም ጥቅል) አውርዳችሁ ስታስነሱት «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ካለ ኢሜጁ ለኤክስ86 ብቻ የተሠራ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም፣ ኮንፊግ መነካካት አያድናችሁም። ከዚህ የባሰው «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ የሚሞተው ነው። ሞንጎዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ ከ5.0 ጀምሮ ኤክስ86 ላይ ኤቪኤክስ የሚባለውን የቺፕ ትእዛዝ ስብስብ ይፈልጋል፣ አርም ላይ ደግሞ ፓይ 4 ከያዘው ትውልድ አዲስ የሆነ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ፓይ 4 ላይ አይሠራም። ኤን100 እና ያገለገሉት ኮር አይ5ዎች ላይ ይሠራል። ሻጩ «ከኤን100 ያው ነው» ብሎ ሴሌሮን ጄ4125 ሊሰጣችሁ ቢሞክር ያው አይደለም፣ እሱ ኤቪኤክስ የለውም። ፓይ 5 ደግሞ የራሱ አመል አለው፣ ከርነሉ ሜሞሪን በ16 ኪሎባይት ገጽ ነው የሚከፋፍለው፣ አንዳንድ ፕሮግራም 4 ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ወደ ባለ4ቱ ከርነል በኮንፊግ ፋይሉ አንድ መስመር መመለስ ይቻላል ግን መስመሩን እስክታገኙ ጸጉራችሁን ትነጫላችሁ።

ፊልም ለምታዩበት ከሆነ ኤን100 ሌላ ዓለም ነው። ፓይ 5 የቪዲዮ ኢንኮደር ቺፑን ጭራሽ አውጥተውለታል፣ ጄሊፊን ቪዲዮውን ለስልክ ቀይሮ ልላክ ሲል ሁሉም በሲፒዩ ነው። ኤን100 ግን 6 ዋት የተባለ ቺፕ ሆኖ ባለ10 ቢት ኤችኢቪሲውን፣ ኤቪ1ንም ሳይቀር (ቪዲዮ የሚታሸግባቸው ዓይነቶች ናቸው) በሃርድዌር ይፈታል። ያገለገለ ስትገዙ 6ኛ ትውልዱን (አይ5-6500ቲ) ለፊልም አትውሰዱ፣ ባለ10 ቢቱን አያውቅም፣ ከ7ኛ ጀምሮ ነው የሚያውቀው። ኤን100 ገዝታችሁ ጄሊፊን ሃርድዌሩን አላገኘሁም ካለ ሁለት ነገር እዩ፣ ከርነሉ አሮጌ ነው ወይ (ኡቡንቱ 22.04 መጀመሪያ ይዞት የወጣው 5.15 በደንብ አያውቀውም፣ ዴቢያን 12 ይዞት የመጣው 6.1 ይበቃል)፣ ሁለተኛ ጄሊፊንን የግራፊክስ ሃርድዌሩን እንዲነካ ፈቃድ የሚሰጠው «ሬንደር» ግሩፕ ውስጥ አስገብታችሁታል ወይ።

የኤን100 ድክመቱ ራሙ ነው። ኢንቴል ራሱ ቢበዛ 16 ጊጋ ነው የሚለው፣ አንዳንዱ ሳጥን ጭራሽ ተበይዶ ነው የሚመጣው። ካገለገሉት ውስጥ ባለ8ኛ ትውልዱ አይ5-8500ቲ ስድስት ኮር አለው፣ ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፣ 32 ጊጋ አስገብታችሁ ፕሮክስሞክስ በሚባለው ሲስተም አራት አምስት ቨርቹዋል ማሽን (በአንዱ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠሩ ሌሎች ኮምፒውተሮች) ብታቆሙበት አይከፋውም፣ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ከ10 ዋት ብዙም አይርቅም፣ በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ነው። መጨረሻው ላይ ያለችውን «ቲ» እንዳትረሱ፣ ባለ35 ዋት ማለት ናት፣ ያለሷ ባለ65 ዋቱን ታመጡና ፋኑ እንቅልፍ ይነሳችኋል።

ድምፅ ካልን፣ ፋን የሌላቸው ኤን100ዎች አሉ፣ ጸጥ። ያገለገሉት ፋን አላቸው። የኔን ያመጣሁት ሰሞን እናቴ «አንተ፣ ይሄ ነገር ሌሊት ሌሊት ያቃስታል፣ አሞት ነው?» ስትለኝ ከፍቼ ባየው የፋኑ ምላጭ ላይ አቧራው ብርድ ልብስ ሆኗል፣ ሲፒዩው ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ጠረግኩት፣ አዲስ ፔስት ቀባሁት፣ አሁን ብፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ መኖሩንም ረስታዋለች።

መብራት ላይ ኤን100 ያሸንፋል። ለዋይፋይ የሚሸጡትን ትንንሽ ባለ12 ቮልት ዩፒኤስ ታውቋቸዋላችሁ፣ ብዙዎቹ ኤን100ዎች 12 ቮልት ስለሆኑ አምፒሩ ከበቃ (ሁለቱም ላይ የተጻፈውን አነጻጽሩ) በቀጥታ ይሰካሉ። ባለ1 ሊትሮቹ 19.5 ወይ 20 ቮልት ናቸው፣ ትልቁን ዩፒኤስ ካልገዛችሁ መብራት ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ቤታችሁ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ደግሞ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሎጊንድ በሚባለው የሊኑክስ ማስተካከያ ላይ «ኢግኖር» በሉትና ዛሬውኑ ጀምሩ፣ ባትሪው እንዳያብጥ ግን ቻርጁን 80 ፐርሰንት ላይ የሚገታ ከሆነ ግቱት።

እና እኔ ብሆን? ለብዙው ሰው ያገለገለ 8ኛ ትውልድ ከነ ኦርጅናል አዳፕተሩ። አዳፕተሩን የምለው አንዳንዱ ማሽን የማያውቀው አዳፕተር ሲሰካበት ሲፒዩውን ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ ከዛ «ሊኑክስ ቀርፋፋ ነው» ትላላችሁ። ፊልምና መብራት የሚያሳስባችሁ ኤን100። ፓይ 4 ካላችሁ አትጣሉት፣ ፓይሆል ጫኑበትና ማስታወቂያ ያግድላችሁ፣ አዲስ ግን አልገዛም።

ያገለገለ ስትገዙ ዴቢያን ያለበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚገባበት ማስተካከያ) በፓስወርድ ተቆልፎ እንዳይሆን፣ ዲስኩን ስማርትሲቲኤል በሚባለው ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራ እዩት። ከዛ ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን አብሩ። እኔ ይሄን አብርቼ፣ ሱቁ ውስጥ ማሽኑ እየሠራ ገመዱን ከዲቫይደሩ ንቅል ሳደርገው ልጁ ከወንበሩ ተነሳ፣ «ወንድሜ ምን ነካህ፣ ዕቃ ልታበላሽብኝ ነው እንዴ?» አለኝ። አስር ድረስ ቆጥሬ መልሼ ሰካሁት። ሁለታችንም የመብራቷን ነጥብ እያየን ቆምን፣ በራች፣ ፋኑ አንዴ ፉር ብሎ ዝም አለ። «በል ቁጠር» ብዬ ብሩን ሰጠሁት።