ለፔንሲዮናችን የገዛሁት የካርድ ቁልፍ፦ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ካርዱ ግን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል

ደብረ ማርቆስ ላይ ስምንት ክፍል ያላት ትንሽ ፔንሲዮን አለችን። ትልቁ ራስ ምታታችን ቁልፍ ነበር። እንግዳው ሌሊት ተነስቶ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ደጀን ሲደርስ ኪሱን ይዳስስና «ውይ፣ ቁልፋችሁ እኔ ጋ ቀረ» ብሎ ይደውላል። ከዚያ ቁልፍ ሠሪ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ለስድስቱ ክፍሎችና ለዕቃ ቤቱ የካርድ ቁልፍ ገዛሁ።

ጥሩውን ልናገር። ብረቱ ጠንካራ ነው። መብራት ሲጠፋም በአራት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ካርድ ከጠፋ ቁጥሩን ሰርዞ ሌላ መስጠት ነው፣ አለቀ። ስድስት ወር ደስ ብሎኝ ተጠቀምኩበት።

ለፋሲካ የእህቴ ልጅ መጣ። ኮምፒውተር ነው የሚማረው። እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ ብሎ ካርዱን ሲያገላብጥ ቆየና «ጋሼ፣ ይቺን አንዴ ይስጡኝማ» አለኝ። ከቦርሳው የቴሌቪዥን ሪሞት የምታክል መሣሪያ አወጣ። ካርዱን አስጠጋ፣ ጢጥ አለ። የራሱን ባዶ ካርድ አስጠጋ፣ እንደገና ጢጥ አለ። ሄዶ አምስት ቁጥርን ከፈተው። እኔ ሻይዬን እንኳ አልጨረስኩም ነበር፤ ክው አልኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ እኮ እኔን አምኖ ሻንጣውን ያስቀመጠ ሰው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ የራሱ ባትሪ የለውም። ኃይል የሚያገኘው በሩ ላይ ካለው አንባቢ ከሚወጣው የ125 ኪሎኸርዝ ሞገድ ነው፤ ኃይል ባገኘ ቁጥር ደግሞ 40 ቢት (ማለትም 40 የዜሮና የአንድ ምልክቶች) የሆነች መለያ ቁጥሩን ይለፈልፋል። ማን እንደጠየቀው አያጣራም። ዘበኛው «ማነህ?» ሲል «አምስት ቁጥር ነኝ» ያለውን ሁሉ እንደማስገባት ነው። ይባስ ብሎ ካርዱ ጀርባ ላይ አሥር አሃዝ ታትሟል። ከመዝገባችን ጋር ሳመሳክረው ራሱ መለያ ቁጥሩ ነው! ካርዱን በስልኩ ፎቶ ያነሳ ሰው ይበቃዋል ማለት ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ምስጢራዊ የሆነው አለ» ብሎ፣ ጭማሪ አስከፍሎ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ላከልኝ። ልጁ ያንንም ሞከረው። ካርዱ ምስጢር የመያዝ አቅም አለው፣ ቁልፉ ግን ምስጢሩን አይጠይቅም፤ የሚያነበው ያንኑ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንደተፈለገ የሚጻፍበት ባዶ ካርድ ደግሞ ገበያ ላይ አለ። እዚህ ላይ ነው በጣም የተናደድኩት። ገንዘቡን የከፈልኩት ለጥበቃው ነበር።

«ምስጢራዊ ነው» የሚለው ቃል ብቻውንም አያስተማምንም። ማይፌር ክላሲክ የሚባለው ካርድ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ለአውቶቡስ፣ ለባቡርና ለቢሮ በር ያገለገለ ነው። መቆለፊያ ስልቱ ክሪፕቶ-1 ይባላል፣ አሠራሩም በምስጢር ተይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ተመራማሪዎች ቺፑን በማይክሮስኮፕ እያዩ ከፈቱት። ካርዱ ውስጥ ያለው የምስጢር ቁልፍ 48 ቢት ብቻ ነው፤ ካርዱ ለማረጋገጫ በየጊዜው አዲስ ብሎ የሚያወጣው ቁጥርም ከ65 ሺህ ገደማ አማራጭ ስለማይዘል ሊገመት ይችላል። በ2008 የኔዘርላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ድክመቱን ሊያሳትሙ ሲሉ አምራቹ ፍርድ ቤት ወሰዳቸው፣ ፍርድ ቤቱ ግን ይታተም አለ። ጥሩ አደረገ፤ እኛ ከፋዮቹ ማወቅ አለብን።

ችግሩ በከፊል ከዋጋ ይመጣል። ርካሽ ቺፕ ላይ ለከባድ ስሌት ቦታም ኃይልም የለም። ለዚህ ተብለው በመደመርና በቀላል የቢት ስሌት ብቻ የሚሠሩ ቀለል ያሉ የማረጋገጫ ዘዴዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ቀርበው ነበር፤ ብዙዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ተሰበሩ። አንዱ ድክመታቸው ይገርማል። ካርዱና አንባቢው ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ ምስጢራቸውን አብረው ይቀይራሉ። ታዲያ ሌላ ሰው መሃል ገብቶ የመጨረሻዋን መልእክት ካስቀረ አንዱ ቀይሮ ሌላው አሮጌውን ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አይተዋወቁም፤ ባለ ካርዱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ደጅ ይቀራል።

ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ካርዱ ባለ 128 ቢት ኤኢኤስ (በሰፊው የሚታመንበት የምስጢር መቆለፊያ ስልት) ነው ወይ? ቁልፉስ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ እየላከ ካርዱን ምስጢሩን እንደያዘ ያስመሰክረዋል፣ ወይስ ቁጥር ብቻ ነው የሚያነበው? ሁለተኛውን አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ እኔ የተበላሁት እሱ ላይ ነው። ከተቻለም ቅጂ ካርድ ፊታችሁ ይሞከርበት።

እኔ ለጊዜው ለየክፍሉ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስገጥሜያለሁ። እንግዳ ሲወጣ ግን መቀርቀሪያው ስለማይረዳ ላፕቶፕና ገንዘብ ያለው ሰው እኛ ጋ በአደራ እንዲያስቀምጥ እየነገርን ነው። የዕቃ ቤቱ በር ወደ ድሮው ቁልፍ ተመልሷል። ሻጩን ያንን ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቄው «አጣርቼ እደውላለሁ» ብሎኛል፤ እስኪደውል የቀሩትን ሁለት ክፍሎች አላስገጥምም።