በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ የወላጅ ግምገማ

ልጄ 7ኛ ክፍልን የተማረችው ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም በማይርቅ የግል መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የመምህራኑ ብቃትም ሆነ ቤተ ሙከራው ለሚከፈለው ክፍያ ተመጣጣኝ ስለሆነ እሱን አልፈዋለሁ። ልገመግም የፈለግሁት ትምህርት ቤቱ በበራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ያተመውን «ተማሪዎቻችን አንድ ቤተሰብ ናቸው» የሚለውን ቃሉን ነው።

በእኛ ሰፈር ይህ ቀላል ቃል አይደለም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ከየአቅጣጫው ያመጣን ነዋሪዎች እድራችንን በቅጡ ሳናጠናክር፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ከመሀል ከተማ የተነሡ ቤተሰቦች ተጨመሩ፤ ከሁላችንም በፊት በቦታው ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎች ልጆችም አሉ። በዚያ ላይ በ6-2-4 አደረጃጀት መካከለኛ ደረጃ ሁለት ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ ልጆቹ በወጉ ሳይላመዱ ይለያያሉ።

ትምህርት ቤቱ ለዚህ የዘረጋው አሠራር የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አድርጎ በቡድን መቀላቀልና ለእያንዳንዱ ቡድን የግቢውን አንድ ሥራ ዓመቱን ሙሉ ማስረከብ ነው። መጀመሪያ ስሰማ የድሮው «1ለ5» ትዝ ብሎኝ ቅር ተሰኝቼ ነበር፤ ያኔ አንዱ ጎበዝ የአምስቱን የቤት ሥራ ይሠራና ቅጹ ይሞላ ነበር። እዚህ ግን የሚሞላው ሮቶ ነው።

ለልጄ ቡድን የደረሰው የውኃ ሥራ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በተራው ቀን አንድ ሰው በማለዳ ደርሶ ሁለቱን ሮቶዎች ካላስሞላ፣ በምሳ ሰዓት ተማሪው ሁሉ እጁን ሳይታጠብ ምሳ ዕቃውን ይከፍታል። ኅዳር ላይ ተረኞቹ ረስተው ይኸው ደረሰ። ማንም መምህር አልተቆጣቸውም፤ የጓደኞቻቸው ፊት በቂ ነበር። በማግስቱ ራሳቸው ተሰብስበው በሮቶው ጎን ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩ፤ ውኃው ከመስመሩ በታች ከወረደም ከመጠጥ በቀር ለሌላ እንዳይቀዳ ተስማሙ። የቡድኑ አለቃ የሆነው በክፍል ውስጥ ብዙም የማይናገር፣ በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚነገር የ8ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከሰፈሩ የውኃ መስመር መክፈቻ አጠገብ በመሆኑ ውኃ መለቀቁን ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበርና። አሁን አሥራ ሁለቱም ውኃን «ቢሻን» ነው የሚሉት፤ ልጄ በቤታችንም እንዲሁ ማለት ጀምራለች።

የማልደግፈው ሚያዝያ ላይ የተዘጋጀውን «የአንድነት ቀን» ነው። ለዕለቱ ቲሸርት 900 ብር ተጠይቀን ነበር። በዚያን ቀን የከፈሉት ልጆች አንድ ዓይነት ለብሰው በመድረኩ ፊት ሲሰለፉ፣ ያልከፈሉት በደንብ ልብሳቸው ከጥግ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየሁ፤ የውኃው ቡድን አለቃም ከእነርሱ መካከል ነበር። ዓመቱን ሙሉ በጄሪካንና በጠመኔ የተሠራውን በግማሽ ቀን ለማፍረስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ መፈለግ አያሻም። ግንቦት ሲገባ ደግሞ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ለከተማ አቀፉ ፈተና ይዘጋጁ ተብለው ከቡድኖቹ ወጡ። ፈተናው ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ማለዳ ማንንም አይጥልም ነበር። በቀሩት ሳምንታት ሮቶውን አብዛኛውን ጊዜ ያስሞላችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

ሁለቱንም ቅሬታ ለወላጆችና መምህራን ኅብረት በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ መልሱም ከምዝገባ በፊት እንደሚሰጠኝ ተነግሮኛል። ልጄ ግን መልሱን አልጠበቀችም፤ በመጪው ዓመት የቡድኑ አለቃነት ተራ የእርሷ በመሆኑ፣ 8ኛ ክፍልን እዚያው እንደምትማር ከወዲሁ ነግራኛለች።