ጨጓራማ ሁላችንም አለን

ስድስት ዓመት ሙሉ «ጨጓራ አለብኝ» ስል ኖሬያለሁ። ሰርግ ላይ ክትፎ ሲመጣ «ጨጓራ አለብኝ»፣ ቡና ሲቀዳ «ጨጓራ አለብኝ»። ታክሲ ነው የምነዳው፤ መንገዱ ሲዘጋጋ ደግሞ «ጨጓራዬን ላጡት» እላለሁ። ሰው ሁሉ ይገባዋል፣ ማንም ምንድነው ብሎ አይጠይቅም።

ከሁለት ወር በፊት ሰፈራችን ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። ካርድ 300 ብር። ወረፋው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተጠራሁ። ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። በዚህ በኩል ምስጋና የለኝም።

ዶክተሯ ግን! ገና ቁጭ ሳልል «ጨጓራ አለብኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እኔም አለኝ፤ የሌለው ሰው የለም። ምንህን ነው የሚያምህ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ መልስ ጠፋኝ። ለካ ስሙን እንጂ ሕመሙን ተናግሬው አላውቅም። የቱ ጋ ያቃጥልሃል? ስትራብ ነው ስትጠግብ? ሌሊት ይቀሰቅስሃል? ሰገራህ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ያውቃል? አንድ በአንድ አወጣጣችኝ።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሁለቴ በደም ተመርምሬ፣ ሁለቴም «ባክቴሪያ አለብህ» ተብዬ መድኃኒት ውጫለሁ። ለካ የደም ምርመራው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። የሰገራው ይሻላል አለችኝ። ግን የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየዋጥኩ ስለነበር ውጤቱን እንዳያሳስት «ሁለት ሳምንት አቁመህ ና» ብላ መለሰችኝ። የመጣለትን ብር የሚመልስ ክሊኒክ አይቼ አላውቅም! ሁለቱን ሳምንት በአልጫና በተልባ ገፋሁት።

ውጤቱ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ሆነ። ሦስት ዓይነት መድኃኒት፣ ለ14 ቀን። አንድ አውስትራሊያዊ ሐኪም ይህንኑ ባክቴሪያ በ1984 እ.ኤ.አ. ሆን ብሎ ጠጥቶ እንደታመመ፣ በ2005 ከባልደረባው ጋር ኖቤል እንደተሸለመ አጫወተችኝ። እኔ ስንት ዓመት ተሸክሜው ማንም አልሸለመኝ!

ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ክላሪትሮማይሲን የሚሉት፣ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል። ቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። መድኃኒቱ ካለቀ አራት ሳምንት ሲሞላው መጥፋቱን ለማየት እንደገና እመረመራለሁ።

ከሄዳችሁ ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ አይቻልም። «ጨጓራ አለብኝ» ብላችሁ ግን አትግቡ።